ለደረት የተጠጣ፣ ለሆድ የተረፈ

ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ የደረት መድኃኒቶች አራት ዓይነት ሥራ አላቸው፤ አክታ ማቅጠን፣ ሳል ማፈን፣ የታፈነ አፍንጫ መክፈትና ማስተኛት። ጉንፋንን ማዳን ከአራቱ ውስጥ የለም። ጉንፋን የቫይረስ ሕመም ስለሆነ ቀኑን ቆጥሮ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ መድኃኒቶቹ እስከዚያ ድረስ ሕመምተኛውን ያባብላሉ። ለማባበላቸውም ካሸሩ ከተቀበለው ገንዘብ ሌላ ከገላው ላይ የየራሳቸውን ቀረጥ ይሰበስባሉ። የቀረጡ ዝርዝር ለማንበብ መነጽር፣ መልሶ ለማጠፍ ትዕግሥት በሚጠይቀው የካርቶን ውስጥ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል።

ከአክታ አቅጣኞቹ ታዋቂው ጓይፌኔሲን ነው። የዘር ግንዱ በካሪቢያን ደሴቶች ከሚበቅለው የጓያክ ዛፍ ይመዘዛል። በ16ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ይህን ዛፍ ቂጥኝ ይፈውሳል ብለው በመርከብ ያጓጉዙት ነበር፤ ቂጥኙ ግን እንደነበረ ቀረ። የዛሬው መድኃኒት በአብዛኛው እንደሚታመነው ሥራውን የሚጀምረው ከደረት ሳይሆን ከሆድ ነው። የጨጓራን ግድግዳ ይኮረኩራል፤ ጨጓራ በነርቭ በኩል አቤቱታውን ያሰማል፤ የአየር ቧንቧዎችም ቀጭን ፈሳሽ ያመነጫሉ። ስለዚህ በዚህ መድኃኒት ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሊያስገርም አይገባም፤ መንገዱ በዚያው ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና አንዳንዴም የቆዳ ሽፍታ ይከተላሉ። ለአዋቂ የሚፈቀደው በየ4 ሰዓቱ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ሲሆን በቀን ከ2,400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። «ቶሎ ይሻለኝ» ብሎ መጠኑን የሚያበዛ ሰው ከአክታው በፊት ምሳውን ያወጣል። ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ የወሰዱ ሰዎች ደግሞ የኩላሊት ጠጠር ይዟቸዋል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ብሮምሄክሲንና አምብሮክሶል የሚባሉት አቅጣኞች በመነሻቸው ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደሉም። ብሮምሄክሲን የተቀመመው በሕንድ ለሳል ሲያገለግል ከኖረ ተክል የተገኘን ንጥረ ነገር መነሻ አድርጎ ነው፤ ያ ተክል በየአጥሩ ለሚበቅለው ሰንሰል የቅርብ ዘመድ ነው። አምብሮክሶል ደግሞ የብሮምሄክሲን ልጅ ነው። ሁለቱም ሆድ ያውካሉ፣ አንዳንዴም ያስቀምጣሉ፤ የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይነካቸው ይመረጣል። አምብሮክሶል በተጨማሪ አፍና ጉሮሮን ያደነዝዛል፣ ጣዕምም ያዛባል። በዚያን ዕለት ወጡ ጨው አነሰው ተብሎ የሚወቀሰው እጅ ጥፋት የለበትም። እምብዛም ባይታይም ከባድ የቆዳና የአለርጂ ቁጣ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያው በወረቀታቸው ላይ እንዲሰፍር አድርገዋል። ቆዳ ማሳከክና ፊት ማበጥ ሲጀምር መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ሳል አፋኞቹ ሥራቸው ደረት ላይ ሳይሆን አንጎል ላይ ነው። የዚህ ወገን የታሪክ መዝገብ ያሳፍራል፤ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ከ1898 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሄሮይንን የሳል መድኃኒት ብሎ ሸጧል። ሳሉ ጋብ አለ፤ ስሙን ያገነነው ግን የጎንዮሽ ጉዳቱ ሆነ። ዛሬ በየመደርደሪያው ያለው ዴክስትሮሜቶርፋን ጨዋ ነው፤ በልኩ ሲወሰድ ከማንገላጀጅ፣ ከማዞርና ከማቅለሽለሽ አያልፍም። ከልክ ሲያልፍ ግን የሌለ ያሳያል፤ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት ያለበት አደገኛ ሁኔታ ይፈጥራል።

ግራ የሚያጋባው አቅጣኙና አፋኙ በአንድ ጠርሙስ ሲሸጡ ነው። አንዱ አክታውን «ተነስ፣ ውጣ» ሲለው፣ ሌላው በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ «ያለ ፈቃድ መውጣት ክልክል ነው» ይላል። አክታ የሚወጣው በሳል ስለሆነ፣ እርጥብ ሳል ያለበት ሰው አፋኙን ባይወስድ ይሻለዋል።

አፍንጫ ከፋቹ ፕሱዶኤፌድሪን የደም ሥሮችን በማጥበብ ያበጠውን ያጎድላል። ችግሩ የአፍንጫን ደም ሥር ከሌላው ለይቶ አለማወቁ ነው። የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍም ይጠፋል፤ በአንድ በኩል በደንብ እየተነፈሱ እስከ ንጋት ጣሪያ መቁጠር ይመጣል። ፕሮስቴታቸው ያበጠ ሽማግሌ አፍንጫቸው ሲከፈት ሽንታቸው ሊዘጋ ይችላል። በአሜሪካ ሜታምፌታሚን ለመሥራት ስለዋለ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው ከባንኮኒ ጀርባ፣ መታወቂያ እየታየ ሲሆን፣ በቀን ከ3.6 ግራም በላይ አይሰጥም። በመደርደሪያው ላይ ቦታውን የወረሰው ፌኒሌፍሪን ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት አማካሪዎች በአፍ የሚወሰደው ፌኒሌፍሪን አፍንጫ እንደማይከፍት በሙሉ ድምፅ አረጋገጡ። ለዓመታት ያቃለለው የገዢውን ኪስ ነበር ማለት ነው።

«የሌሊት» ተብሎ የተጻፈባቸው ሽሮፖች እንደ ክሎርፌኒራሚን ያለ የአለርጂ መድኃኒት ይጨመርባቸዋል። ያስተኛል፤ አፍን ያደርቃል፤ አክታውንም አብሮ ስለሚያደርቅ አቅጣኙ ቀን የሠራውን ሌሊት ያፈርሳል። ይህን ጠጥቶ መሪ መያዝ በትራፊክ ፖሊስም በፈጣሪም ዘንድ አያስመሰግንም።

ከሁሉ የሚብሰው መደራረብ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው ምክር ለመድኃኒት አልተነገረም። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ያመጣው ትልቅ ጠርሙስና ከሰፈር ፋርማሲ የተገዛው ክኒን ስማቸው ቢለያይም ሁለቱም ፓራሲታሞል ሊኖራቸው ይችላል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፤ ጉበት ደግሞ ዝምተኛ ስለሆነ የሚናገረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ማንኪያም ሌላ ወጥመድ ነው። የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊሊትር ሆኖ ሳለ፣ ከማዕድ ቤት ያገኙትን አንስቶ መቅዳት መጠኑን ሦስት እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው መለኪያ ለጌጥ አልተሠራም።

ለሕፃናት ሕጉ ይጠብቃል። ከ2 ዓመት በታች ላሉ እነዚህ መድኃኒቶች አይሰጡም፤ የአሜሪካ አምራቾችማ በካርቶኑ ላይ ገደቡን ወደ 4 ዓመት ከፍ አድርገውታል። አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ ማር ሳልን ያለዝባል፤ ከዚያ በታች ላለ ግን ማርም ክልክል ነው። ለአዋቂም ቢሆን አንድ ሕመም፣ አንድ መድኃኒት የሚለው ልማድ ያዋጣል፤ ሳሉ ብቻ ላስቸገረው አምስት ነገር የተቀላቀለበትን ገዝቶ የአምስቱን ጉዳት መሸከም አያስፈልግም። ብዙ ውኃና ትኩስ ሻይም አክታ ያለሰልሳሉ፤ የእነሱ የጎንዮሽ ጉዳት ሽንት ቤት መመላለስ ነው።

ደም የቀላቀለ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠርና የማይበርድ ትኩሳት የመደርደሪያ መድኃኒት ጉዳይ አይደሉም። ሁለት ሳምንት የሞላው ሳልም በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሊያባርረው ሲደክም የከረመው አክታ ተፈላጊ ይሆናል፤ ላቦራቶሪው በዕቃ አድርጎ እንዲያመጣው ይጠይቀዋል።