ስም፣ ዲሽ እና ማሙሽ፦ በቡሪ ሐበሾች የስም አወጣጥ ላይ የተደረገ ጥናት

የጥናቱ ሥፍራ ቡሪ ነው። ቡሪ በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል፣ ጥቁር አባይ ከነጩ ጋር ለመገናኘት ወደ ሞግረን ሲገሰግስ በግራ እጁ የሚተወው ሰፈር ሲሆን፣ ቡሪ አል-መሐስ፣ ቡሪ አል-ደራይሳ፣ ቡሪ አል-ላማብ እየተባለ ይከፋፈላል። ሰፈሩ ራሱ በአንድ ስም ባልረጋበት ቦታ የሐበሻ ልጅ በአንድ ስም ረግቶ እንዲያድግ መጠበቅ ከሳይንስ ውጪ ነው።

መረጃው የተሰበሰበው የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመነሳቱ በፊት ባሉት ዓመታት ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሊመሽ ሲል፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ እናቶች በር ላይ ወጥተው ልጆቻቸውን ሲጣሩ ማዳመጥ። አንዲት እናት «ናሆም!» ስትል ሦስት ልጆች ኳሱን ትተው ቀና ካሉ፣ እነሱ በተወለዱበት ሰሞን የናሆም ወረርሽኝ ነበረ ማለት ነው። ማንም ካልዞረ ስሙ ብርቅ ነው፣ አለዚያም ልጁ ሰምቶ ዝም ብሏል። እነዚህን ሁለቱን የሚለይ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም።

ወደ ምደባው ከመግባታችን በፊት ስለ ጥንቱ ሥርዓት ጥቂት ማለት ይገባል። ድሮ ስም የቤት ዜና ነበር። ማስረሻ ሲባል ጎረቤት አንድ ሐዘን እንዳለፈ ያውቃል፤ ምትኩ ሲባል ማን እንደተተካ ይገባዋል፤ ይበቃል ሲባል እናትየዋ ምን ያህል እንደደከማት ይረዳል፤ ማንያህልሃል ሲባል ደግሞ መልእክቱ ለሕፃኑ ሳይሆን ከአጥሩ ወዲያ ላለው ሰው እንደሆነ ማንም አይስተውም። ቴሌቪዥን ሲመጣ ዜናው ወደዚያ ሄደ። ስም ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ነገር ደግሞ ፋሽን ይሆናል።

የመጀመሪያው ክፍል የፖለቲካ ስም ነው። በእሱ ላይ ብዙ አንቆይም፤ መነሻውም መውደቂያውም በራዲዮ ስለሚነገር አጥኚ አያስፈልገውም። ኮንጓዊው ሉሙምባ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተገደለ በኋላ ስሙ ብዙ ድንበር ተሻግሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ለታዳጊ አገሮች ቡድን የተደራደረው የሱዳን ዲፕሎማት ሉሙምባ ዲ-አፒንግ ይባላል። በእኛ በኩል ከ1966 ዓ.ም. በኋላ አብዮት፣ ትግል፣ ታጠቅ የተባሉ ሕፃናት መጡ። ይህ ጥናት በዚህ ረገድ ልብ ያለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከአብዮቱ ሸሽቶ በእግሩ ሱዳን የገባ አባት አንዳንዴ የሚያዝለው ልጅ አብዮት የሚባል መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የመጽሐፍ ስም ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሳይቀር ሰብለ ወንጌልን አወቃት። ከዚያ ወዲህ ሰብለ የምትባል ሴት ልጅ ያልነበረችበት ክፍል ውስጥ የተማረ ሰው እጁን ያውጣ። በዛብህ ግን ያን ያህል አልቀናውም። አንባቢ ሁሉ ከልቡ የሚወደው ደግሞ ጉዱ ካሳን ነው፤ ካሳን የሚያወርስ ወላጅ ሞልቷል፣ ጉዱን የሚያወርስ ግን አላጋጠመንም።

በዚሁ ክፍል ውስጥ ፊያሜታ ለብቻዋ መታየት አለባት። ስሙ የጣሊያን ነው፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቦካቺዮ በ«ዴካሜሮን» ተረት ከሚያወሩት ሴቶች ለአንዷ ሰጥቶታል። ከዚያ ምን ሲሠራ እንደቆየ ሳይታወቅ በ1975 ዓ.ም. በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ውስጥ አሥመራ ላይ ብቅ አለ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ ስሙን ግን ማንም ሊሰበስበው አልቻለም፣ ልጆች ላይ ወጥቶ ነበርና። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የተጓዘው ይህ ስም በመጨረሻ በአንዲት ልጅ ላይ ሆኖ ቡሪ ሲደርስ ጎረቤት ያሉት ሱዳናዊት ሐቦባ፣ ማለትም አያት፣ አንድ ጊዜ ሰሙት፣ ፈገግ አሉ፣ «ፋጥና» ብለው ጠሩት። ልጅቷም አቤት አለች። ሐቦባ ክፋት የለባቸውም፤ ለልጅቷ ተምር ይቋጥሩ የነበረው በዚሁ ስም ነው።

ሦስተኛው የስክሪን ስም ነው። በዓለም ላይ ይህ ክፍል ብዙ ተጠንቷል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1984 አንዲት የዓሣ ጭራ ያላት ሴት በ«ስፕላሽ» ፊልም ውስጥ ስሟን ከመንገድ ምልክት ላይ አንብባ ማዲሰን ስትል ሳቁ፤ ከዚያ ልጆቻቸውን ማዲሰን አሉ፤ ክፍለ ዘመኑ ሲለወጥ ስሙ ከአገሪቱ የሴት ልጅ ስሞች ፊታውራሪዎች አንዱ ሆኖ ቁጭ አለ። ቀልድ መሆኑን የነገራቸው የለም። ፈረንሳዮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መግቢያ ወንድ ልጅ ሲወልዱ ኬቨን ማለት አብዝተው፣ ዛሬ ኬቨን የሚባል የሠላሳ ምናምን ዓመት ጎረምሳ ሥራ ሲያመለክት ስሙ ቀድሞት ገብቶ የሚያሳማው ሆኗል።

ቡሪ በዚህ ረገድ ከአዲስ አበባ ይበልጥበት የነበረ ነገር አለ፤ አንድን የቱርክ ድራማ ሁለት ጊዜ የማየት ዕድል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤምቢሲ «ጉሙሽ» የተባለውን የቱርክ ድራማ በሶርያ ዐረብኛ አናግሮ «ኑር» ብሎ ሲያወጣው፣ የቱርኩ መሕመት ሙሐነድ ተባለ፤ በዐረቡ ዓለም ኑርና ሙሐነድ የሚባሉ ሕፃናት ተወለዱ ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና የተባለው የአማርኛ ቻናል ተከፈተ። አንባቢ ልብ ይበል፣ ሁለቱም 2008 ናቸው፣ በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመት አለ፤ ለስም አጥኚ የዘመን አቆጣጠራችን የሚያመጣው ጣጣ ሌላ ጥናት ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ በቡሪ የነበረች ሐበሻ ጣሪያዋ ላይ አንድ ዲሽ አስተክላ ቱርኩን ጠዋት በዐረብኛ፣ ማታ በአማርኛ ታይ ነበር። ስለዚህ እርጉዟ ከጀግናው ወስዳ ለልጇ የምትሰጠው ስም ባሏ በተወላት ቻናል ይወሰን ነበር።

እዚህ ላይ የጥናቱን ብቸኛ ንድፈ ሐሳብ እናቀርባለን፤ የአስናቀ ሕግ ይባላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዓ.ም. በኢቲቪ በታየው «ሰው ለሰው» ድራማ ውስጥ አበበ ባልቻ አስናቀ የሚባለውን ተንኮለኛ ሰው እጅግ አሳምሮ ተጫወተው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ተዋናዩ በበረታ ቁጥር ስሙ ይደክማል። ከዚያ በፊት አስናቀ የተባሉ ቅን ሰዎች ሁሉ ያለ ጥፋታቸው «አንተ አስናቀ!» ተብለው ተሳልቆባቸዋል። ተዋናዩ መጥፎ ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች በሰላም በኖሩ ነበር። ጥበብ ዋጋ ያስከፍላል የሚባለው ይህ ነው፤ ከፋዩ ግን አርቲስቱ አይደለም።

አራተኛው ክፍል የፕሮሰስ ስም ነው። ካርቱም ለብዙ ሐበሻ መኖሪያ ሳትሆን ተራ መጠበቂያ ነበረች፤ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ የመሄጃ ጉዳይ፣ ማለትም ፕሮሰስ፣ የያዘ ቤተሰብ ልጁን ይሰይም የነበረው ለቡሪ ሳይሆን ገና ላላያት የፈረንጅ አስተማሪ ነው። ስለዚህ ጸ፣ ጨ፣ ጰ እና ቀ ከውድድሩ በጊዜ ይወጣሉ። ጸዳለ የሚባል ስም ማጣሪያውን አያልፍም። ያለፉት ናታን፣ ኤደን፣ ሊያ፣ ኖኅ ናቸው። አንድ አባት የልጁን ስም ከማጽደቁ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መዳፉን አፉ ላይ እንደ ቀንድ ሰብስቦ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ድምፅ ማጉያ ቃና በአፍንጫው ደጋግሞ ሲጠራው ታይቷል። «ናይተን» የሚል ስለወጣው ረክቶ ተነሳ። ሚስቱ አራስ ነበረች፤ ምንም አላለችም።

የክርስትና ስም በዚህ ጥናት አልተካተተም። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን የሚቀበሉት ወልደ ማርያምና ወለተ ሥላሴ በፋሽን ወጥተው አያውቁም፣ ወርደውም አያውቁም፤ ማንም ስለማይጠራበት አያረጅም።

አሁን ወደ ማሙሽ እንምጣ።

ከላይ የተዘረዘሩት ስሞች ሁሉ፣ ከሰብለም ይምጡ ከቦካቺዮ፣ ከቱርክም ይምጡ ከካናዳ፣ በር ላይ ሲደርሱ ማሙሽ ሆነው ይቀራሉ። አባት አልጋ ላይ በድምፅ ማጉያ የፈተነው ናታን፣ ሳምንት ሳይሞላው በገዛ እናቱ «ማሙሽዬ» ተብሏል። ማሙሽ ማንም ያላወጣው፣ ስለዚህም ማንም ሊሽረው የማይችል ስም ነው። ዓይነቶቹም እነሆ።

ማሙሽ ተራ የሚባለው ከሰባት ዓመት በታች የሚገኘው ነው፤ በብዛት ስለሚታይ ገለጻ አያስፈልገውም። ማሙሽ ሥልጣን ያለቀቀ የሚባለው ታናሽ ወንድም ተወልዶ ማዕረጉን ማስረከብ ሲገባው እምቢ ያለ ነው፤ በዚህ ጊዜ አዲሱ ልጅ አቡሽ ወይም ባቢ ተብሎ በተወካይነት ይቆያል፣ ሦስተኛ ከመጣ ትንሹ ማሙሽ ይባላል፣ በታላቁና በትንሹ ማሙሽ መካከል ያለው አቡሽም ዕድሜ ልኩን የሚደጋግመው ቅሬታ ይዞ ያድጋል። ማሙሽ ዘለቄታ ደግሞ ጺም ያበቀለው፣ ከዚያም ጺሙ የሸበተበት ነው። በቡሪ ይህ ዓይነት በተለይ ረክሻ ሲነዳ ይገኝ ነበር። ጸጉሩ ነጭ፣ መነጽሩ ወፍራም፣ ከኋላ የተሳፈሩት ልጆች ከእሱ ልጆች የሚያንሱ ሲሆኑ፣ «ማሙሽ፣ እዚህ ጋ አውርደን» ይሉት ነበር። አንቱ ብሎ ማሙሽን መጥራት የሚቻልበትን ሰዋስው አማርኛ ስላላዘጋጀ እነሱም አይፈረድባቸውም።

ብዛቱ ችግር ስለፈጠረ ሕዝቡ በራሱ መፍትሔ አበጅቷል። የአንዲት ቡና የምታፈላ እህታችን ስልክ ውስጥ ማሙሽ ረክሻ፣ ማሙሽ ዲሽ፣ ማሙሽ ሐዋላ፣ ማሙሽ ጠቋሩ እና ማሙሽ አታንሺው ተመዝግበዋል። እንግሊዞች አንጥረኛውን ስሚዝ ብለው የቤተሰብ ስም ያወጡት በዚሁ መንገድ ነው፤ ማሙሽ አታንሺውን የሚመስል ግን የላቸውም። ይኸው ማሙሽ ዲሽ ሲያገባ የሠርግ ጥሪው ላይ በመዝገብ ስሙ ስለተጻፈ፣ ዲሽ የተከለላቸው ሰዎች ወረቀቱን አገላብጠው «ይህ ሰውዬ ማነው?» ብለው ቀሩ። ምግቡ ተረፈ።

ማሙሽ የአስናቀን ሕግ አይታዘዝም። የማሙሽ የጎልማሳ ቅርጽ ማሞ ነው፤ ማሞን ደግሞ የተረቱ ማሞ ቂሎ ትውልድ በትውልድ ሲያሳጣው ኖሯል። አንድ ድራማ አስናቀን በጥቂት ዓመታት ጣለው፤ ማሞ ቂሎ ግን ማሞን ይህን ሁሉ ዘመን መጣል አልቻለም። እንዲያውም ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ከተማ ላይ ማራቶን አሸንፎ ወርቅ አጥልቋል። ይህን ንድፈ ሐሳባችን ማስረዳት ስላልቻለ ንድፈ ሐሳቡን ትተነዋል።

ምደባውንም ቢሆን የጣለብን አንድ ፎርም ነው። ሱዳን ውስጥ ሙሉ ስም ሲጠየቅ አራት ነው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። ናታንን ለማስመዝገብ የሄደው ያ አባት ሦስቱን በቀላሉ ሞላ፦ ናታን፣ ተስፋዬ፣ ማንያህልሃል። አራተኛው ክፍት ቦታ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰውዬ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ጠቆመ፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ተነፈሰ። አባት ወጥቶ ጎንደር እናቱ ዘንድ ደወለ። እናት አሰቡ፤ ከጎናቸው ያሉትን ጠየቁ፤ ክርክር ተነሳ። የቅድመ አያትየውን የክርስትና ስም ንስሐ አባታቸው ይወቁት እንጂ ሰው የሚያውቃቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው በልጅነት ስማቸው ነው፣ ማሞ ነው የሚባሉት፣ ተባለ። አባት ተመልሶ ማሞ ብሎ ጻፈ።

ጦርነቱ ሲመጣ ቡሪ ተበተነ። ከጥናቱ ናሙናዎች ገሚሱ በገዳሪፍ አልፎ በመተማ፣ ገሚሱም በፖርት ሱዳን በኩል ወጡ፤ ወረቀት ያልያዘ ብዙ ነው፣ የናታን ቤተሰብ ግን ያንን ፎርም ይዞ ነበር። ፕሮሰሱም በመጨረሻ ደረሰ። የካናዳ ፎርም ደግሞ የሚፈልገው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው፤ መካከሉን ያልፈዋል። ክፍል ውስጥ ናታን የሚባሉ ሌሎች ልጆች ስላሉ አስተማሪዋ በቤተሰብ ስሙ ትጠራዋለች። ማሞ ትለዋለች፤ አጠራሯም ምንም አይልም።

ስለዚህ እርጉዝ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ከድራማ ስም የምታወጡ ከሆነ ቢያንስ የመጨረሻው ክፍል እስኪታይ ጠብቁ። የቅድመ አያታችሁንም ስም ሰልፍ ላይ ሳትቆሙ፣ እናታችሁ በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ።