ከ31ኛው ደቂቃ በኋላ

በእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይቀጣል። መዋጮ ያሳለፈም ይቀጣል። ለቅሶ ቤት ካርታ ሲጫወት አምልጦት የሳቀ ሰው፣ ደንቡ ላይ ባይጻፍም፣ ሲቀጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ፖድካስት የሚል አንቀጽ ግን አልነበረም። አሁን አለ፤ ያስጻፍኩትም እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ቦድካስት» ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ ቅጣቱ 300 ብር።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ይህ አመል የጀመረኝ ዛሬ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ጦማሪ ነበርኩ። ጦማር በግዕዝ ደብዳቤ ማለት ነው፤ የእኔም ጦማር እውነትም ደብዳቤ ሆኖ ቀረ። ብሎግስፖት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ አገር ተዘግቶ ነበርና። የሚገርመው፣ እኔ ዘንድ መጻፊያው በር ይከፈታል፤ ማንበቢያው ነው የማይከፈተው። ስለዚህ ማታ ማታ ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ በደቂቃ እየከፈልኩ እጽፋለሁ፤ ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ጠዋት ትገለብጠውና በኢሜይል መልሳ ትልክልኛለች። የራሴን ጽሑፍ አሜሪካ ደርሶ ሲመለስ አነባለሁ። «ቆንጆ ነው፣ ግን ረዘመ» የሚል አስተያየትም አብሮ ይመጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያገኘሁት አንባቢ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ዘመድ ሆና እንጂ።

ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ እናቴ ብሎግ የሚባል ነገር መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ልጆቹ ስሙን ያወጡት ከቃሊቲ እስር ቤት ነው፤ ግቢው ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው እኛ ያለንበት ውጪው ነው ብለው። እናቴ ይህን ሁሉ አላጣራችም።

«አንተም ይህን ነገር ትጽፍ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«እጽፍ ነበር።»

«ማን ያነበው ነበር?»

«ማንም።»

«ተመስገን!» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ስለ ሥራዬ ከሰማሁት ሂስ ሁሉ በደስታ የተነገረው ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ ፖድካስት እኛም ጋ ደረሰ። ቃሉን መጀመሪያ የጻፈው ቤን ሐመርስሊ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው ይባላል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ጋርዲያን ላይ፣ አይፖድን ከብሮድካስት ጋር አጋብቶ። አፕል አይፖድ መሥራቱን በ2022 አቆመ፤ ዕቃው ሞተ፣ ስሙ ቀረ። ይህ ለኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የምኖረው ፈረንሳይ ነዋ። ፓሪስ ያለችበትን ማለቴ አይደለም፤ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ፣ እንጦጦ ግርጌ ያለውን። ምኒልክ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን መሬት ቢሰጡ ሰፈሩ ስሙን ወረሰ። ኤምባሲው ከነዛፉ ከግንቡ ጀርባ ዛሬም አለ፤ ከግንቡ ወዲህ ግን ፈረንሳይን ቀን ከሌት የሚጠራት ወያላ ብቻ ነው።

«ስለዚህ ሰፈር የማይናገር ማን አለ? የሚቀዳው ጠፋ እንጂ» አልኩና ማይክ ልገዛ ወጣሁ። የሸጠልኝ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ኮንደንሰር ነው፤ ትንፋሽ እንኳ አያመልጠውም» አለኝ። አልዋሸም፤ መከራዬም እሱ ሆነ። ኋላ እንደተረዳሁት ኮንደንሰር ማይክ ጸጥ ላለ ስቱዲዮ ነው፤ ጫጫታ ላለበት ቤት አፍ ሥር ያለውን ብቻ የሚሰማው ዳይናሚኩ ይሻላል። የኔ ማይክ የኔን ድምፅ ሲቀዳ የቆራሌውን ጥሪ፣ የጎረቤትን አውራ ዶሮ፣ የቅዳሴውን ድምፅ ማጉያና የሊስትሮውን ብሩሽ ኳኳታ ጭምር ሰበሰበ። ሌሊት ይሻላል ብዬ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሣሁ። ሌሊት ደግሞ ጅብ አለ። የመጀመሪያ ዝግጅቴ «ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን…» ብሎ ይጀምርና ከእንጦጦ የሚመጣ ረጅም «ኡ-ው-ው-ፕ» ሰላምታውን ይጨርስልኛል።

የእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩ። ይህን የማይመክር ሰው የለም። ካርቶን የክፍሉን ማስተጋባት ጥቂት ይነካ እንደሆነ እንጂ የውጪውን ድምፅ አያግድም፤ ድምፅ የሚፈራው ክብደትን ነው። ይህን ያወቅሁት ግድግዳውን ሙሉ ለጥፌ፣ ባለቤቴም በሩ ላይ ቆማ፣ «ዶሮዎቹ መቼ ይመጣሉ?» ካለችኝ በኋላ ነው። በመጨረሻ ቁምሳጥን ውስጥ ገባሁ። ጋቢና ካፖርት ከብቦኝ ድምፄ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ለሰለሰ፤ በየአራት ደቂቃው ግን የብል መድኃኒቱ ያስነጥሰኛል። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወግር ቁምሳጥኑም ተሸነፈ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዝግጅት አወጣሁ። የመጀመሪያው «የሰፈራችን ታሪክ፦ መግቢያ»፣ ሁለተኛው «የመግቢያው ቀጣይ» ይባላል። ሦስተኛውን ባልናገር ይሻላል። ቆጣሪው 11 አድማጭ አሳየኝ፤ አራቱ እኔ ነኝ፣ በአራት ስልክ እየሞከርኩ።

አራተኛው እንግዳ እንዲኖረው ወሰንኩና ከታች በር ያሉትን እማማ ለመንኩ። እማማ በሰፈሩ አፋቸው የታወቀ ነው፤ አንድ ዕቁብ ሲበተን ለምን እንደተበተነና ጠቡ ከማን እንደጀመረ ጭምር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ማይኩን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሌላ ሰው ሆኑ።

«በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ» አሉ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን።

«እማማ፣ የልጅነት ትዝታዎን ቢያጫውቱን?»

«የልጅነት ጊዜዬ በጣም ጥሩ ጊዜ ነበር። በአሁኑ ሰዓትም ሁሉም ነገር ጥሩ ነው።»

31 ደቂቃ እንዲህ ሄደ። ያደጉበት ሬዲዮ አፋቸው ላይ ቁጭ አለ። ስለ ጎረቤት ብጠይቅ «ኅብረተሰቡ»፣ ስለ ቡና ብጠይቅ «ባህላዊ እሴታችን»። ተስፋ ቆረጥኩና «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቅሁ። መቅጃውን ግን አላጠፋሁትም፤ ረሳሁት።

«አለቀ?» አሉ። «ተመስገን። በል አሁን እንጫወት።»

አቦሉ ተቀዳ፣ ቡና ጠጪዎቹ ሁለት ጎረቤቶች ገቡ፣ እማማም ወደ ራሳቸው ተመለሱ። ስለ ሰዓት እላፊው ዘመን አወሩ። በዚያ ዘመን አንድ ጎረቤታቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዐረፉ። መውጣት ክልክል፣ መጮህም የሚያስፈራ። ጥበቃው በበር ያልፋል። ሴቶቹ ሬሳውን ከበው ነጠላቸውን ነክሰው ተቀመጡ፤ አንዷ ሲያቅታት ሌላዋ አፏን ታፍንላታለች። ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ፤ ያኔ ግቢው ባንድ ጊዜ ፈነዳ። «ጡሩንባው ሲነፋ ነው ለቅሶው የተፈቀደልን» አሉ። ከዚያ ፀጥታ፣ የሲኒ ድምፅ፣ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ።

በቶናው ላይ ወሬው ወደ ድስት ዞረ። የእድሩ ትልቁ ብረት ድስት ለሊቀመንበሩ ዘመድ ሠርግ ሄዶ ሲመለስ እንዳነሰ ተነገረ። «ድስት ሲያረጅ ይጨማደዳል እንዴ?» አሉ እማማ። አንዱ ድንኳን ለሌላ ሰፈር መከራየቱ ተነሣ። በበረካው ላይ ተራው የኔ ሆነ። ለውሃ ወጥቼ ነበር፤ ቀረጻው ላይ «ይኼ ልጅ ሥራ የለውም እንዴ? ሚስቱ እንዴት ትችለዋለች?» ሲባል ይሰማል። ጅብ ሳይቀር የሚሰማ ማይክ ይህን አይስትም።

ማታ ላዘጋጀው ተቀመጥኩ። ያልተጨመቀው ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ይበላል፤ 62ቱ ደቂቃ 620 ገደማ መጣ። ወደ ኤምፒስሪ ሲለወጥ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ሙሉውን ለራሴ ማስቀመጫ ለወጥኩ፤ የተቆረጠውን 31 ደቂቃ ለሕዝብ። አንዱን «የመጨረሻ»፣ ሌላውን «የመጨረሻ የመጨረሻ» አልኳቸው። መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን፣ እንቅልፍ እየጣለኝ፣ ወደ እድሩ የቴሌግራም ግሩፕ አንዱን ላክሁ። ፓኬጄ ቶሎ ማለቁ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ ድምፁን ከፍ አድርጎታል። ስድስት ሰው ከቦታል። እማማ በብርጭቆው ውስጥ ሆነው፣ «ድስት ሲያረጅ ይጨማደዳል እንዴ?» ይላሉ። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ፤ ባለሱቁ ግን «ቆይ፣ ያንተ ቦታ ገና ነው» ብሎ አረጋጋኝ። ልሰርዘው ብሮጥ ምን ዋጋ አለው፤ የወረደ ወርዷል።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ማስረጃው ይሰማ አሉ፤ ይህን ማለት አልነበረባቸውም። የሰዓት እላፊው ታሪክ ሲደርስ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። አንዱ «69 ነው»፣ ሌላው «የለም፣ 70 ነው፣ እኔ ነኝ ጡሩንባውን ያቀበልኩት» ብለው ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። የኔ ክስ ተረሳ ብዬ ስተነፍስ ድስቱ ደረሰ። ንብረት ክፍሉ መዝገቡን አመጣ። መዝገቡ ላይ የድስቱ ብዛት እንጂ ስፋቱ አልተጻፈም፤ ደንባችን እስከዚያን ቀን ድስት ይጠፋል እንጂ ያንሳል ብሎ አላሰበም።

ያም ሆኖ የሚቀጣ ሰው ያስፈልግ ነበር። እማማን ጠሯቸው። «እኔ ቡና አፈላሁ እንጂ ፖድካስት አላፈላሁም» አሉና ተቀመጡ። በቃ እኔ ቀረሁ። ባለቤቴ ከሴቶቹ ጋር ሆና እጇን አወጣች፤ ለቅጣቱ ይሁን ለመከላከል አላረጋገጥኩም፣ አልጠየቅኋትም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ገና ሳይነጋ፣ ቁምሳጥኔ ውስጥ ሆኜ አምስተኛውን እጀምራለሁ። «ውድ አድማጮቼ» ስል የእድራችን ለፋፊ በሜጋፎን ደረሱ። ጡሩንባቸው ካረፈ ቆይቷል፤ ዛሬ ባትሪ ድንጋይ ነው የሚነፉት። «እድርተኞች! ትልቁ ድስት ታጥቦ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ተገኝቷል! ማን እንዳስቀመጠው አልታወቀም!» አሉ። ጥቂት ቆሙ። ወደ መስኮቴ ጠጋ ሲሉ እግራቸው ይሰማኛል። ሜጋፎኑን ዝቅ የሚያደርጉ መስሎኝ ነበር።

«ቅጣት ያልከፈለ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው ተብሏል!»