መሐንዲሷ አህያ

በስኮትላንድ፣ ከኔርን ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን የኮደር ግንብ ቦታ የመረጠችው አህያ ናት ይባላል። የኮደር ባላባት ሕልም ዐይቶ ወርቅ ጫነባትና ለቀቃት፤ ማታ የተኛችበት ላይ ግንቡን አቆመ። ካርታ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ «ነገ ተመለስ» የለ!

አህያዪቱ ጋደም ያለችው ግን ዛፍ ሥር ነበር። ዛፉን መቁረጥ ነውር ሆነና ግንቡን በዙሪያው ገነቡት። ግንዱ ዛሬም ምድር ቤት ውስጥ፣ በድንጋይ ግድግዳ መሃል ደርቆ ቆሟል፤ እንግዳው ከፍሎ ይገባና ግንድ ያያል። ተመራማሪዎች ዛፉ ሆሊ የሚባለው ዝርያ እንደሆነና በአውሮፓውያኑ 1372 ገደማ እንደሞተ ደርሰውበታል። ፀሐይ በማይገባበት ቤት የተቆለፈበት ዛፍ ምን እንደገደለው ለማወቅ እንኳ ምርምር ባላስፈለገ።

ገበያው ያለው ግን ማክቤዝ ዘንድ ነው። ሼክስፒር በተውኔቱ ለዚህ ንጉሥ ገዳይ የኮደርን ሹመት በብዕሩ ሰጠው፤ እውነተኛው ማክቤዝ በ1057 ሲሞት ግንቡ ሊሠራ ገና 300 ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። ታዲያ ምን ይደረግ፣ ንጉሥ ያልታረደበት ግንብ ማን ያየዋል? ደሙን ከቴአትር ተበደሩ።

የአትክልቱ ቦታ ይሻላል፤ አበባ ታሪክ አይዋሽም። እዚያም ታዲያ የመንገድ ማጥፊያ ጥልፍልፍ ተክለዋል፣ ያውም በሆሊ። አንዱን ሆሊ ምድር ቤት ጨርሰው ሌሎቹን በረድፍ አሰለፏቸው። ቅጠሉ እንደ መርፌ ስለሚዋጋ አጥር ጥሶ ማቋረጥ አይታሰብም። ዝናቡ ግን ያለ ቲኬት ይገባል።