ግመል ያልነካው ግራር

ዛፍ መትከል ቀላል ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ችግኙ ይገባል፤ አፈሩ ይመለሳል፤ ፎቶ ይነሣል፤ የቀረውን ዝናብ ይጨርሰዋል። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ክረምት በገባ ቁጥር እንዲህ እየተከሉ ፎቶውን ይልኩልኛል። ከባዱ ዛፍ መሥራት ነው። ፈጣሪ በዕለተ ማክሰኞ የዓለምን ዕፅዋት በአንድ ቃል ካስገኘ በኋላ ሌላ ሥራ ይጠብቀው ነበርና ወደ ረቡዕ አለፈ። እኔ ማክሰኞ ማታ የጀመርኩት አንድ ግራር ግን ቅዳሜም ቅርንጫፉ አያልቅም፤ እሑድም አላርፍም።

የምኖረው ጀርመን ነው። እዚህ አገር ዕድሜ ልካቸውን ዳኛ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ሆነው የኖሩ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ምድር ቤታቸው ይወርዱና ባቡር ይነዳሉ። «ይጫወታሉ» እንዳትሉ፤ ይቀየማሉ። የገፒንገኑ ማርክሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕሲግ ትርዒት ላይ ሐዲዱ እየተቀጠለ የሚረዝም የአሻንጉሊት ባቡር ካቀረበ ወዲህ ነገሩ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሃምቡርግ ውስጥ የተከፈተውን የሞዴል ባቡር ትርዒት፣ ሚኒያቱር ቩንደርላንድን፣ ለማየትማ ሰው ከሌላ አገር ድረስ መጥቶ ይሰለፋል። ጎረቤቴም ከነዚሁ ወገን ነው። አንድ ምሽት ምድር ቤቱ አውርዶ ጥቁር ደን የሚባለውን አገሩን፣ ከነጣቢያው ከነዋሻው፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ተለከፍኩ።

ግን የሰው አገር ጥድ ምን ያደርግልኛል? እኛም እኮ ባቡር ነበረን፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባ የምድር ባቡር! እሱን ልሠራ ቆረጥኩ። በዚህ ሙያ የተለመደው መጠን 1 ለ87 ነው፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። መስመሩ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዚህ ስሌት 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገኛል ማለት ነው። የእኔ ምድር ቤት ደግሞ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ተነሥቶ የመኪናዬ የክረምት ጎማዎች ጋ ያበቃል። ስለዚህ ድሬዳዋንም አዲስ አበባንም ይቅርታ ጠይቄ አዋሽ ጣቢያ ላይ ወረድኩ።

ሐዲዱ አላስቸገረኝም። የእኛ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ስዊዞችም ባለ አንድ ሜትር የተራራ ባቡር ስላላቸው፣ ለእሱ ሞዴል የሚሸጠው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ለእኛም ልክ ነው። ያስቸገረኝ ዛፉ ነው። ካታሎጉን ስገልጠው ጥድ፣ አሁንም ጥድ፣ በርች፣ ኦክ፣ እንደገና ጥድ። ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም አንድ ፋብሪካ የወለዳቸው። ግራር ያለው ራሱ ይሥራው!

ከመጀመሬ በፊት ጎረቤቴ ዘንድ ትምህርት ገባሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ውሸት ነበር። የጥቁር ደን ጥድ 40 ሜትር ይደርሳል፤ ለ87 ሲካፈል 46 ሳንቲ ሜትር። ባለ አንድ ፎቁ ጣቢያ 11 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። የጎረቤቴን ጥዶች በማስመሪያ ስለካቸው ግን ከ15 አይበልጡም። «ምነው አሳጠርካቸው?» ብለው፣ «በልካቸው ብሠራቸው ማን ያምነኛል?» አለኝ። እውነት ነው፤ ዛፉ በትክክለኛ ቁመቱ ከቆመ ጣቢያው የዶሮ ቤት ይሆንና ተመልካች ሠሪውን ይታዘባል። ይህን ስሰማ በግራሬ ኮራሁ። ስምንት ሜትር ግራር 9 ሳንቲ ሜትር ይወጣዋል፤ ሳይዋሽ ጠረጴዛው ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው ትምህርት ቀለም ነው። ልጅ ሆነን ዛፍ ስንስል ግንዱን ቡናማ፣ ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረግነው ሁላችንም ተሳስተናል። ውጡና እዩ፤ አብዛኛው ግንድ ግራጫ ነው። ቅጠሉም ቢሆን ብቻውን አረንጓዴ ከሆነ ከሩቁ ፕላስቲክ ነኝ ይላል፤ ትንሽ ቢጫ፣ ትንሽ አመድማ፣ ትንሽ ያረጀ ነገር ካልተቀላቀለበት አይታመንም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ቀጫጭኑን የመዳብ ሽቦ መዘዝ መዘዝ አድርጎ አንድ እፍኝ መያዝ። ታችኛውን በፒንሳ አጥብቆ መጠምዘዝ፤ ይህ ግንድ ነው። ቀሪውን ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን እንደ ሹሩባ መጎንጎን፤ እንደገና ለሁለት መክፈል፤ እንደገና መጎንጎን፤ ጫፉ ላይ አንድ አንድ ሽቦ እስኪቀር። ሙጫ በጥሩ አሸዋ ለውሶ ግንዱን መቀባት ቅርፊት ይሰጠዋል። ለአናቱ፣ ትራስ ውስጥ የሚሞላውን ሰው ሠራሽ ጥጥ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ መሳብ፤ በቅርንጫፎቹ ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ መዘርጋት፤ የፀጉር ስፕሬይ ነፍቶ ቅጠሉን መነስነስ። ወፍ ማለፊያ ቀዳዳ ካላስቀሩለት ዛፍ ሳይሆን ድፎ ዳቦ ነው።

የፀጉር ስፕሬዩን የምገዛው ራሴ ነኝ። ገንዘብ ተቀባይዋ መጀመሪያ ጠርሙሱን ታያለች፤ ቀጥላ ራሰ በራነቴን ታያለች፤ ከዚያ በሐዘኔታ «መልካም ዕድል» ትለኛለች። ለዛፍ ነው ብላት የባሰ ስለሚሆን አመስግኜ እወጣለሁ።

ቅጠሉ ደግሞ እስፖንጅ ነው። ተቆራርጦ፣ ቀለም ተነክሮ፣ ደርቆ፣ በቡና መፍጫ ይፈጫል። መፍጫው የራሴ ነው፤ ከቤቱ መፍጫ ጋር በምንም አይገናኝም፤ ይህን ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ። ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ ግን ይህን ውል አያውቁም። አንድ ጠዋት ምድር ቤት ወርጄ ሳያቸው የቅጠሉን ማሰሮ ከፍተው ያሸታሉ።

«ኮሰረታችሁ ጠረኑ ጠፍቷል» አሉኝ። «ጀርመን አገር ምን ጠረን ይቀራል! ቅቤ ሳነጥር ጨምሬ ላድርግበት እንዴ?»

እስፖንጅ መሆኑን ሳስረዳቸው ረዥም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና፣ ልጃቸውን የሰጡበትን ቀን እያሰቡ ይመስለኛል፣ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። እሳቸው አዋሽ ሰባት ኪሎ ያደጉ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው። ጣቢያውን አወቁት። ሐዲዱን በጣታቸው ተከተሉት። ግራሬ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ግራር ነው፣ እማማ።»

«አይደለም። ይሄ ግመል አያውቀውም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አዋሽ ላይ እስከ ታች ቅጠል ያለው ግራር የት አየህ? ግመል አንገቷን ዘርግታ እስከምትደርስበት ሙልጭ ነው። ከዚያ በታች ያቆጠቆጠውን ፍየል ቆማ ትጨርሰዋለች። ያንተ ግራር ጎረቤት የለውም።»

ግመል አፏ ሦስት ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ለ87 ሲካፈል 3.4 ሳንቲ ሜትር። መቀስ አነሣሁና ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ እንደ ግመል ጋጥኩት። ያን ጊዜ ዛፉ ግራር ሆነ! ከሽቦው፣ ከሙጫው፣ ከቀለሙ ይልቅ የጎደለው ጥፋት ኖሯል። የካታሎጉ ዛፎች ለምን ፕላስቲክ እንደሚመስሉም የዚያን ዕለት ገባኝ፤ ማንም በድሏቸው አያውቅም። ሜዳ ላይ የቆመ ዛፍ አንዱ በልቶለት፣ አንዱ ሰብሮለት፣ ነፋስ ወደ አንድ ወገን ገፍቶት ነው መልክ የሚይዘው። የእኛ ባሕር ዛፍ እንኳ ተቆርጦ ካላቆጠቆጠ፣ ከአንድ ጉቶ ሦስት አራት ቀጫጭን ግንድ ካላወጣ፣ የአዲስ አበባ ሰው አያምነውም።

አማቴ በዚህ አላበቁም። «እዚህ መንገድ ዳር ከሰል የት አለ?» አሉ። «ከሰል ካለ ጉቶ አለ። እነዚያን ሁለቱን ቁረጣቸው።»

እነዚያ ሁለቱ ከሁሉ ያማሩት ነበሩ። ተለማመጥኩ፤ ባለቤቴን አማላጅ ላክሁ፤ የተፈጥሮ ጥበቃን አነሣሁ። በመጨረሻ ሽምግልናው በአንድ ግራር ጸና። ቆረጥኩት፤ የጉቶውን አናት እንደ አዲስ እንጨት ነጣ አድርጌ ቀባሁት፤ አጠገቡ አንድ ሳንቲ ሜትር የምትሆን፣ አፏ በቅጠል የተደፈነች የከሰል ኬሻ አቆምኩ።

ጎረቤቴ ሊያይ መጣ። መነጽሩን አስተካክሎ ጎንበስ አለና ጉቶውን ትኩር ብሎ ተመለከተ። በብዙ የጀርመን ከተሞች ትልቅ ዛፍ፣ በገዛ ግቢ ውስጥ ቢሆን እንኳ፣ ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አይቆረጥም። «ፈቃድ ነበረህ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። አማቴ በበኩላቸው ኬሻዋን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ስንት ትላለህ? ደግሞ ላዩን ድፍን አስመስለህ ውስጡን ዱቄት እንዳትሞላው» አሉ።

ሽቦው ከየት እንደመጣ፣ ቅጠሉ በምን እንደተጣበቀ የጠየቀኝ የለም። አንዱ ፈቃድ፣ ሌላዋ ዋጋ ከጠየቁኝ፣ ዛፌ ዛፍ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም። ፈቃዱን ማዘጋጃ ቤት ከጠራኝ እነጋገርበታለሁ። በከሰሉ ዋጋ ግን አልከራከርም፤ የግራር ከሰል ነው፣ አይቀነስም።