ዶሮዋ ትመስገን

ጢስ ዓባይ ላይ ወደ ፏፏቴው በእግር የሚሄድ መንገደኛ የአላታን ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ድንጋዩን ምን አያይዞት እስከ ዛሬ እንደቆመ ቢጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፦ እንቁላል።

በዚህ መልስ የሚስቁ አሉ። እኔ አከብረዋለሁ። ሌላው ወሬ ምን እንደሚል ስሙት፦ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ የኢየሱሳውያን ጸሐፊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ጽፎ እንደተወው፣ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ እዚሁ አገራችን ላይ አይቶ የለየው ከህንድ የመጣ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ግንቡ በጭቃ ይያያዝ ነበር። ታዲያ ባዕድ ታሪካችን ውስጥ ከሚገባ ዶሮ ብትገባ አይሻልም? ዶሮ የአገር ልጅ ናት፤ ሃይማኖቷንም የሚጠይቃት የለም። ያ ሁሉ እንቁላል ከየት መጣ የሚል ነገረኛ ቢኖር፣ አገሩ ጿሚ ነው፣ ይተርፋል።

የሱስንዮስ መቀመጫ በነበረው ደንቀዝ ላይ ነገሩ ይከፋል። የሱስንዮስ ዜና መዋዕል፣ የገዛ ቤታችን መጽሐፍ፣ ቤተ መንግሥቱን ያነጸው ከህንድ የመጣ አብደል ከሪም ነው ይላል፤ ሳዳቃ የሚባል ግብፃዊም ይጨምርበታል። ካቶሊክ የሆነ ንጉሥ፣ እስላም ግንበኛ፣ ከሥር ድንጋይ የሚያቀብል ኦርቶዶክስ! ዩኔስኮም በ1979 እ.ኤ.አ. የጎንደሩን ፋሲል ግቢ ሲመዘግብ የህንድ፣ የዐረብና የባሮክ እጅ አለበት ብሎ አረፈው። ለአንድ ግንብ ይህን ያህል አባት መቁጠር ነውር ስለሆነ፣ ሕዝቡ ሁሉንም ጠቅልሎ «የፖርቹጋል» ብሎ ገላገለን። በጣና ዳር የጎርጎራው መሐንዲስ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ስፔናዊ መሆኑ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ለጎርጎራዋ ማርያም ግንብ ያደረግነውን ውለታ ነው። ጣራዋ ወድቋል፤ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈሉት አበቦች ለጣና ዝናብ ተሰጥተዋል። ብትጠገን ኖሮ እያንዳንዱ አበባ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ጎብኚ አይጠፋም ነበር። የፈረሰ ግንብ አባቱን አይጠራም።

በ1632 እ.ኤ.አ. ሱስንዮስ አገሩን ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ መለሰ። ልጁ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባረረ፤ ኖራውን ግን አስቀርቶ ጎንደርን ገነባበት። ይህን ለአስጎብኚዎ እንዳይነግሩ አደራ።