ምክር በነጻ፣ ገንዘብ በኑዛዜ

የጆርጅ ኤልየት «ዘ ሚል ኦን ዘ ፍሎስ» (እ.ኤ.አ. 1860) የወንድምና የእህት ታሪክ ነው። አንባቢው ሁሉ ለእህትየዋ ለማጊ ያለቅሳል፤ እኔን ግን አክስቶቿ ያስቁኛል። ከዶድሰን ቤት የወጡት አራቱ እህትማማቾች፣ ልብስ ማንጣትም ሆነ የአሳማ ሥጋ ማሰናዳት ከእነሱ ዘር ውጪ የሚያውቅበት ያለ አይመስላቸውም። ወይዘሮ ፑሌት አዲስ ባርኔጣዋን ለእህቷ ለማሳየት ቁልፍ ፈልጋ፣ ክፍል ከፍታ፣ ከተጠቀለለበት ወረቀት ፈትታ ታወጣለች። ወዲያው ደግሞ ዘመድ ቢሞት ሐዘን ገብቶ ሳይለበስ ሊቀር ነው ብላ ትተክዛለች። ገና ላልሞተ ሰው መሆኑ ነው እንግዲህ!

ባለወፍጮው ቱሊቨር፣ የማጊ አባት፣ በወንዝ ውሃ ተካሶ ተረታና ከሰረ፤ የቤቱ ዕቃ ለሐራጅ ሊወጣ ሆነ። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ ሁሉም ምክር ይዟል። ከአራቱ አንዷ የሆነችው እናትየው ስሟ ያለበት የገበታ ልብስ ባዕድ እጅ ሊገባ ነው ብላ ስታነባ፣ እህቶቿ ለራሳቸው ቤት የሚሆነውን ይመርጣሉ። ከእነሱ አንዷ ወይዘሮ ግሌግማ የከሰረ ሰው አንገቱን መድፋት እንዳለበት አስተማረች። የ16 ዓመቱ የማጊ ወንድም ቶም፣ ለእኔና ለእህቴ የምታወርሱን ካለ ዛሬውኑ ስጡንና ዕቃው ይትረፍ ቢል፣ ግሌግ ቱግ አለች። ገንዘቧ መገኘት ያለበት እሷ ከሞተች በኋላ፣ በወጉ ተደልድሎ ነው። ኑዛዜው ሲነበብ የሚመርቋትን እንደማትሰማ የነገራት የለም።

የቱሊቨር እህት፣ ድሃዋና የስምንት ልጆች እናት ወይዘሮ ሞስ፣ የወንድሟ 300 ፓውንድ አለባት። ቶም የአባቱን ፈቃድ ጠብቆ የብድሩ ወረቀት እንዲጠፋ አደረገ። ከዚያ ሁሉ ባለጸጋ መሃል ገንዘብ የተወው የከሰረው ሰው ልጅ ነው።

ይኸው ቶም ግን የማጊ ስም በአገሩ በክፉ ሲነሳ በሩን ዘጋባት። ማን አስጠጋት ቢሉ፣ ያችው ግሌግ! ነገሩ ሳይጣራ በዘመድ አይፈረድም ብላ ድርቅ አለች። የዘመድነት ግዴታዋም እንደ እህቷ ባርኔጣ ተቆልፎበት ኖሮ፣ ሲወጣ ገና አዲስ ነበር።

ደራሲዋ፣ በብዕር ስሟ ወንድ ብትመስልም፣ ሜሪ አን ኢቫንስ የምትባል ሴት ናት፤ የምትጽፈውንም ታውቀዋለች። ሚስት ካለው ከጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር በመኖሯ ወንድሟ አይዛክ በ1857 አኮረፋት። 23 ዓመት አንድ ቃል አልጻፈላትም። በ1880 በሕግ ስታገባ ግን የደስታ መግለጫ ላከ። ባልየው በ20 ዓመት ገደማ የሚያንሳት መሆኑ ምንም አልከበደውም፤ ዋናው ወረቀቱ ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ስትሞት ደግሞ ከቀብሯ አልቀረም።