ሥራው የኛ፣ ትርፉ የነሱ

ኧረ መቼ ነው ሁላችንም ካሸር የሆንነው? ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ትልቅ ሱፐርማርኬት ግቡና እዩ። ሰው የተቀመጠበት መክፈያ አንድ ብቻ ነው፤ ሰልፉ ዳቦው መደርደሪያ ጋ ደርሷል። ሌላው ሁሉ ራሳችሁ ስካን አድርጉ፣ ራሳችሁ ክፈሉ፣ ራሳችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱ ነው። ሎሚው ባርኮድ የለውም፤ ስሙን ከስክሪኑ ላይ ስትፈልጉ ማሽኑ ቀይ መብራቱን አብርቶ ይጮኻል። ለዚያ ሁሉ ማሽን የተመደበችው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷ እስክትደርስላችሁ ከኋላ ያለው ሰው ያፈጥባችኋል። ይህን ሁሉ ችላችሁ በር ላይ ስትደርሱ ደግሞ «ደረሰኝ ያሳዩ!» በነጻ ሠርተን ጭራሽ ተፈታሽ ሆንን።

የጥርስ ሳሙናውማ መስታወት ውስጥ ተቆልፎበታል። ደወል ተጭኖ ቁልፍ ያዡን መጠበቅ ነው። እሱም አይመጣም።

ዋጋው ረከሰ ይሉናል። እውነት ነው፣ ረክሷል። ግን የቀነሱት ወጪ የት ሄደ? ወደኛ ዞረ እንጂ አልጠፋም። ጉልበቱም፣ ጊዜውም፣ ጥርጣሬውም የኛ ሆነ።

ይህ በግለሰብ ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከተማም ላይ ይሠራል። ዋልማርትን ተመልከቱ። በ1962 አርካንሳስ ውስጥ በአንድ ሱቅ ተጀመረ፤ ዛሬ ከ10 አሜሪካውያን 9ኙ ዋልማርት ካለበት በ10 ማይል ርቀት ውስጥ ይኖራሉ። ይህን ያህል የገዘፈ ነጋዴ ዋሽንግተን ዲሲ ሲመጣ ምን ሆነ? በ2013 የከተማው ምክር ቤት «ትልልቅ ቸርቻሪዎች ለሠራተኛ በሰዓት ቢያንስ 12.50 ዶላር ይክፈሉ» የሚል ሕግ አሳለፈ። ያኔ የከተማው ዝቅተኛ ክፍያ 8.25 ዶላር ነበር። ዋልማርት «እንግዲያውስ ካቀድኳቸው ስድስት ሱቆች ሦስቱን አልሠራም» አለ። ከንቲባው ቪንሰንት ግሬይ ሕጉን ሻሩት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጆርጂያ አቬኑና ኤች ስትሪት ላይ ሁለት ሱቆች ተከፈቱ፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ።

ቃል የተገባው ስድስት ነበር፤ የተሠራው ሦስት። በ2016 ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ይሠራሉ የተባሉት ሁለቱ ቀሩ። አትክልት የሚገዛበት ጠፍቶ የተቸገረውም ያ ሰፈር ነው። በ2023 ደግሞ የኤች ስትሪቱ ተዘጋ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኸው አይደል? ሕጉም ቀረ፣ ሱቁም ቀረ።

ጆርጂያ አቬኑን የኛ ሰው ያውቀዋል። የሐበሻ ሱቅ አለበት። ባለሱቁ ስማችሁን ያውቃል፣ ብር ብታጎድሉ «ነገ ታመጡታላችሁ» ይላል፣ የለቅሶም የሰርግም ማስታወቂያ በሩ ላይ ይለጠፋል። ከእሱ የምንገዛው ግን ምንድን ነው? በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ። ዘይቱን፣ ሩዙን፣ ሽንኩርቱን፣ ዳይፐሩን ከትልቁ እናግዛለን። አንድ ሱቅ በበርበሬ ብቻ ኪራይ ይከፍላል? የተዘጋ ቀን ደግሞ «አይ፣ ሰፈሩ ቀዘቀዘ» እያልን ከንፈር እንመጣለን።

ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ አገር ቤት ብር እየላከ ለሚኖር ሰው አንድ ዶላርም ዶላር ነው፤ ርካሽ ፍለጋ ሄደ ብዬ አልወቅሰውም። የምለው ይህን ነው፦ ትልቁ ሱቅ ያላዋጣው ቀን ጥሎን ይሄዳል፤ ዱቤ የሚሰጠን ያን ጊዜም እዚያ መገኘት አለበት። ስለዚህ ወገኔ፣ በርበሬ ልትገዛ ስትገባ ሽንኩርቱንና ዘይቱንም እዚያው ያዝ። ቢበዛ ሃምሳ ሳንቲም ቢበልጥብህ ነው፤ ቢያንስ ስካን የሚያደርግልህ ሰው አለ።